የልጆቻችንን የሒሳብ ጥያቄ ደረጃ በደረጃ ስለ መፍታት

(በራዲዮ የተነገረ)



ዛሬ የምናገርበት ጉዳይ ከመሥሪያ ቤት ወጥተን፣ ራታችንን በልተን፣ እግራችንን ዘርግተን ባረፍንበት ሰዓት የሚመጣ ነገር ነው። ልጅ ደብተሩን ይዞ ይመጣና አጠገባችን ይቆማል። «አባባ፤ ይኼ ጥያቄ አልገባኝም» ወይም «እማማ፤ ነገ መምህሩ ያዩታል» ይላል። እኛም ቀኑን ሙሉ ከደረሰኝና ከወጪ ማዘዣ፣ ከበጀትና ከደመወዝ መክፈያ ጋር ስንታገል የዋልን ሰዎች ነንና፣ የአንድ የስድስተኛ ክፍል ልጅ ጥያቄ ምን ያኽል ሊከብደን ነው ብለን ደብተሩን እንቀበላለን። ብዙ ጊዜ የምንሳሳተውም እዚያው ላይ ነው።

ይህን የምለው ሌላውን ለመንቀፍ አይደለም፤ የምናገረው በራሴ ላይ የደረሰውን ነው። እኔ በአንድ መሥሪያ ቤት በሒሳብ ሠራተኛነት ብዙ ዘመን የቈየሁ ሰው ነኝ። አንድ ማታ ልጄ ደብተሯን ይዛ መጣችና እንዲህ የሚል ጥያቄ አነበበችልኝ፤ «6 ሠራተኞች አንድን አጥር በ10 ቀን ሠርተው ይጨርሳሉ። ሠራተኞቹ 4 ቢሆኑ በስንት ቀን ይጨርሱታል?» እኔ ጋዜጣዬን እንኳ ከእጄ ሳላስቀምጥ 10ን ለ6 አካፍዬ በ4 አበዛሁና «6 ቀን ከ2/3 ነው፤ ጻፊው» አልኋት። ልጅቱ ጥቂት ዝም ብላ ቆመች። ከዚያም ጻፈችና ሄደች። በማግሥቱ ደብተሩ በቀይ ቀለም ተሰርዞ መጣ። «ምነው ልጄ፤ ጥርጣሬ ገብቶሽ ኖሮ ያን ጊዜ ለምን አልነገርሽኝም?» ብዬ ብጠይቃት፣ «ሰው ሲቀንስ ሥራው እንዴት ቶሎ ያልቃል ብዬ አስቤ ነበር፤ ነገር ግን አባባ ካሉ ልክ ይሆናል ብዬ ተውሁት» አለችኝ።

ከቀዩ ቀለም ይልቅ ያሳዘነኝ ይህ መልስ ነው። የጥያቄው ቁልፍ በልጅቱ እጅ ነበረ። ሰው ሲቀንስ ሥራ ይዘገያል የሚለውን ማንም ሳይነግራት በገዛ ልቡናዋ አግኝታው ነበር። እኔ ግን በችኰላዬ የተሳሳተ መልስ መስጠቴ ሳያንስ፣ ትክክለኛ አሳቧን ለአባቷ ክብር ስትል እንድትጥል አደረግኋት። ሒሳብ የሚፈሩ ልጆች ብዙዎቹ ፍርሃቱን የሚለምዱት እንዲህ ባለው ማታ ይመስለኛል። አሳባቸውን ከጣሉ በኋላ የሚቀራቸው ቀመር ማስታወስ ብቻ ነው፤ ቀመሩ የጠፋባቸው ዕለት ደግሞ የሚይዙት የለም።

እስቲ ያን ጥያቄ አሁን ተረጋግተን እንየው። የተሰጠን ምንድን ነው? 6 ሰዎችና 10 ቀን። የተጠየቅነውስ? 4 ሰዎች የሚፈጅባቸው ቀን። ገና ምንም ሳናሰላ አንድ ነገር እንጠይቅ፤ መልሱ ከ10 ይበልጣል ወይስ ያንሳል? ሰዎቹ ስለ ተቀነሱ ሥራው ይዘገያል፤ ስለዚህ ከ10 መብለጥ አለበት። ይህን በደብተሩ ጠርዝ ላይ «ከ10 በላይ» ብለን እንጻፈው። ቀጥሎ ሥራውን በአንድ ሰው ጕልበት እንለካው። ስድስቱ ሰዎች እያንዳንዳቸው 10 ቀን ከሠሩ፣ አጥሩ የፈጀው ጠቅላላ ድካም 6 በ10 ተባዝቶ 60 የአንድ ሰው የሥራ ቀን ነው። አንድ ሰው ብቻውን ቢሠራው 60 ቀን ይፈጅበት ነበር ማለት ነው። ይህ ድካም ለ4 ሰዎች ሲከፋፈል 60 ለ4፣ 15 ቀን ይሆናል። 15 ከ10 ስለሚበልጥ በጠርዙ ላይ ከጻፍነው ጋር ይስማማል። ዳግመኛም 4ን በ15 ብናባዛ 60 እናገኛለን፤ ያው አጥር፣ ያው ድካም ነው።

በቢሮ የኖረ ሰው እዚህ ላይ ፈገግ ሊል ይችላል። አራት ትጉሃን ስድስት ሰነፎች ያልጨረሱትን ሲጨርሱ ሁላችንም አይተናልና። እውነት ነው፤ ነገር ግን ጥያቄው ሁሉም እኩል ይሠራሉ ብሎ አስቧል። ይህንንም ለልጁ መንገር መልካም ነው። ጥያቄው ሳይናገር ያሰበውን ነገር ማወቅ ከማንበብ ሥራ አንዱ ክፍል ነው።

እኔ የሠራሁት ስሌት ለሌላ ዓይነት ጥያቄ ቢሆን ስሕተት አልነበረውም። «6 ደብተር 300 ብር ቢሆን 4 ደብተር ስንት ነው?» ቢባል 300ን ለ6 አካፍለን የአንዱን ዋጋ 50 ብር እናገኛለን፤ በ4 ስናባዛው 200 ብር ይሆናል። ሁለቱም ጥያቄዎች በውጭ ሲታዩ ወንድማማች ይመስላሉ፤ ሦስት ቍጥሮች ተሰጥተው አራተኛው ይጠየቃል። ሁለቱም የሚፈቱት መጀመሪያ ወደ አንድ በመመለስ ነው። ልዩነቱ፣ አንድ ደብተር ከስድስቱ ደብተሮች ያነሰ ዋጋ ስላለው እናካፍላለን፤ አንድ ሠራተኛ ግን ከስድስቱ ሠራተኞች የበለጠ ቀን ስለሚፈጅበት እናባዛለን። ልጁ «አንዱ ብቻውን ቢሆን ይበዛል ወይስ ያንሳል?» የሚለውን ከያዘ፣ የትኛው ደንብ ለየትኛው ጥያቄ ነው እያለ በቃል ከማጥናት ይድናል።

ጆርጅ ፖልያ የሚባል በቡዳፔስት የተወለደ የሒሳብ ሊቅ ነበረ። በስዊስና በአሜሪካ ብዙ ዓመት ካስተማረ በኋላ፣ ወይም በማስተማር ላይ ሳለ ብል ይሻላል፣ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1945 የሒሳብ ጥያቄ እንዴት እንደሚፈታ የሚያስረዳ አንዲት መጽሐፍ አሳተመ። መጽሐፊቱ በብዙ ቋንቋ ተተርጕማለች። አሳቧ በአጭሩ ይህ ነው፤ ጥያቄውን ተረዳ፤ መንገድ ዐቅድ፤ ዕቅዱን ፈጽም፤ ከጨረስህ በኋላ ወደ ኋላ ተመልሰህ ተመልከት። አራት ደረጃ ማለት ነው። ከአራቱ ልጆቻችን አጥብቀው የሚሠሩት ሦስተኛውን፣ ማለት ማስላቱን ብቻ ነው። እኛም ብንሆን ከዚያ አንሻልም። አንደኛውንና አራተኛውን የምንዘልለው ጊዜ ለመቈጠብ ብለን ሲሆን፣ በቀይ ቀለም የሚያስቀጡን ግን እነዚያው ሁለቱ ናቸው።

ወደ ኋላ ተመልሶ መመልከት ለሀገራችን ሊቃውንት እንግዳ ነገር አይደለም። የባሕረ ሐሳብን አቈጣጠር ተመልከቱ። የ2018 ዓመተ ምሕረትን እንውሰድ። በ5,500 ላይ 2,018 ስንደምር 7,518 ዓመተ ዓለም ይሆናል። ይህን ለ19 ስናካፍለው ድርሻው 395፣ ቀሪው 13 ነው። ከቀሪው 1 ሲቀነስ 12 ይሆናል፤ ይህ ወንበር ይባላል። ወንበሩ በ11 ሲባዛ 132፤ ከዚህ ላይ 30 እየተነሣ ሲገደፍ 12 ይቀራል፤ ይህ አበቅቴ ነው። ወንበሩ በ19 ሲባዛ 228፤ ይህም በ30 ሲገደፍ 18 ይቀራል፤ ይህ መጥቅዕ ነው። አሁን አበቅቴና መጥቅዕን ደምሩ፤ 12 እና 18፣ 30 ይሆናል። በየትኛውም ዓመት ቢሆን ድምሩ ከ30 ውጭ አይሆንም። ተማሪው 29 ወይም 31 ካገኘ መምህሩ ሳይቈጣው በፊት መሳሳቱን በራሱ ያውቃል። ምክንያቱም ሩቅ አይደለም፤ 11 እና 19 አንድ ላይ 30 ናቸውና፣ ወንበሩ ስንትም ቢሆን በሁለቱ ሲባዛ ድምሩ ሁልጊዜ የ30 ብዜት ነው። እንዲህ መፈተኛውን በውስጡ ይዞ የተሠራ ስሌት ለልጆች ማሳየት ከብዙ ምክር ይበልጣል።

ወደ ክፍልፋይ እንለፍ፤ እንባ የሚፈስሰው በዚህ ላይ ነውና። ልጁ 1/3 እና 1/4ን ደምር ሲባል ላዕሉን ከላዕል፣ ታሕቱን ከታሕት ደምሮ 2/7 ብሎ ይጽፋል። እኛም «ስሕተት ነው፤ ታሕቱን አስተካክል» ብለን እንቈጣለን። ይልቁንስ እስቲ እንዲህ ብለን እንጠይቀው። 1/3 ማለት 2/6 አይደለምን? ነው። አንድ ድፎ ዳቦ ለ6 ተቈርሶ ሁለቱን ቍራሽ ብትወስድ ይበልጣል ወይስ ለ7 ተቈርሶ ሁለቱን ብትወስድ? ለ6 የተቈረሰው ይበልጣል። እንግዲያስ 2/7 ከ1/3 ያንሳል። በ1/3 ላይ ሌላ ነገር ጨምረህ ከ1/3 ያነሰ እንዴት አገኘህ? ልጁ እዚህ ላይ ሲደርስ ይሥቃል። ያን ጊዜ የጋራ ታሕት ለምን እንደሚያስፈልግ ለማስረዳት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ ቍራሾቹ እኩል ካልሆኑ መቍጠር አይቻልምና።

አሁን ይህን በአንድ የንባብ ጥያቄ እንሞክረው። «አንድ ገበሬ ካመረተው ጤፍ ሲሶውን ሸጠ፤ ሩቡን ለዘርና ለቀለብ አስቀመጠ፤ 15 ኩንታል ተረፈው። ያመረተው ስንት ኩንታል ነው?» እዚህ ላይ ከማስላት በፊት ሥዕል ይሻላል። 12 አራት ማዕዘኖች በአንድ ረድፍ ይሣሉ። ለምን 12? ለ3ም ለ4ም ያለ ቀሪ የሚካፈል ትንሹ ቍጥር ስለ ሆነ ነው። ሲሶው 4 ክፍል፣ ሩቡ 3 ክፍል ነው፤ እነዚህን እናጥቍራቸው። ነጭ ሆነው የቀሩት 5 ናቸው። እነዚህ 5 ክፍሎች 15 ኩንታል ከሆኑ አንዱ ክፍል 3 ኩንታል ነው፤ 12ቱ 36 ኩንታል ይሆናሉ። እንፈትነው። የ36 ሲሶ 12፤ ሩቡ 9፤ ሁለቱ 21፤ ከ36 ላይ 21 ሲነሣ 15። ልክ ነው።

በዚሁ ጥያቄ ውስጥ አንዲት ቃል ብቻ እንጨምር። «ሲሶውን ሸጠ፤ ከቀረው ላይ ሩቡን አስቀመጠ፤ 15 ኩንታል ተረፈው።» ሥዕሉ ያው ነው። 4 ክፍል ተሸጠ፤ 8 ቀረ። የ8 ሩብ 2 ነው፤ 6 ክፍል ተረፈ። 6 ክፍል 15 ኩንታል ከሆነ አንዱ ክፍል 2 ኩንታል ተኩል፣ 12ቱ 30 ኩንታል ናቸው። ሲፈተን፣ 10 ተሸጠ፤ 20 ቀረ፤ ከዚያ ሩቡ 5 ተቀመጠ፤ 15 ተረፈ። «ከቀረው ላይ» የምትለው ቃል 6 ኩንታል ጤፍ አወረደች ማለት ነው። ሲሶና እርቦ በሀገራችን የትምህርት ቤት ቃል ብቻ አልነበሩም። የገጠር መሬት አዋጅ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. እስኪወጣ ድረስ ጭሰኛው ለባለመሬቱ ምርቱን ይከፍል የነበረው በነዚሁ ስሞች ነው። ከጠቅላላው ነው ወይስ ከቀረው የሚለው ክርክር ለዚያ ሰው የዓመት ጕርሱ ነበር። ልጆቻችን ይህን ቢሰሙ የክፍልፋይ ጥያቄ ከመጽሐፍ ብቻ የወጣ አይመስላቸውም።

ስለ ቃል ካነሣሁ ዘንድ፣ ልጆቹ ሒሳብን በእንግሊዝኛ መማር ሲጀምሩ የሚገጥማቸውን አንድ ነገር ልጥቀስ። በአማርኛ «ከ12 ላይ 5 ሲቀነስ» እንላለን። 12 በፊት፣ 5 በኋላ ይመጣል፤ በወረቀት ላይ የምንጽፈውም በዚሁ ተራ ነው። እንግሊዝኛው ግን «ሰብትራክት ፋይቭ ፍሮም ትዌልቭ» ብሎ 5ን ያስቀድማል። እንደ ሰማው የሚጽፍ ልጅ 5 ሲቀነስ 12 ብሎ ይጽፍና ይጠፋበታል። ሒሳቡን ስለማያውቅ አይደለም፤ የቃሉ ተራ ገልብጦት ነው። ስለዚህ ጥያቄው በእንግሊዝኛ የተጻፈ ከሆነ ልጁ መጀመሪያ በአማርኛ፣ ወይም በቤት በሚናገረው ቋንቋ፣ በራሱ ቃል ይንገራችሁ። መናገር ካልቻለ ገና አላነበበውም ማለት ነው፤ ለማስላት አትቸኵሉ።

የመቶኛ ጥያቄ ደግሞ ልጆችን ብቻ ሳይሆን እኛንም የሚያስት ነው። የተጨማሪ እሴት ታክስ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በሀገራችን ሲሠራበት ቈይቷል፤ መጠኑም ከመቶ 15 ነው። «አንድ ዕቃ ታክሱን ጨምሮ 1,150 ብር ተገዛ። ከታክስ በፊት ዋጋው ስንት ነበር?» ቢባል አያሌ ሰዎች ከ1,150 ላይ መቶ 15ቱን፣ ማለት 172 ብር ከ50 ሳንቲም ይቀንሱና 977 ብር ከ50 ሳንቲም ይላሉ። እንፈትነው። በ977 ብር ከ50 ላይ ከመቶ 15 ብንጨምር 1,124 ብር ከ12 ሳንቲም ግድም ነው የሚሆነው፤ 1,150 አይሞላም። ስሕተቱ የት ነው? ታክሱ የተሰላው ከመጀመሪያው ዋጋ ላይ ነው፤ እኛ ግን የቀነስነው ካደገው ዋጋ ላይ ነው። መንገዱ እንዲህ ነው። የመጀመሪያውን ዋጋ 100 ክፍል እንበለው። ታክሱ 15 ክፍል ነው። ስለዚህ የከፈልነው 115 ክፍል ነው። 115 ክፍል 1,150 ብር ከሆነ አንዱ ክፍል 10 ብር፣ 100ው ክፍል 1,000 ብር ነው። እንግዲህ በመቶኛ ጥያቄ ሁሉ የመጀመሪያው ቃል «የምን መቶኛ?» መሆን አለበት። 500 ብር የነበረ ዕቃ ከመቶ 20 ቢጨምር 600 ይሆናል፤ ከዚያ ከመቶ 20 ቢቀንስ ወደ 500 የሚመለስ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ የሚሆነው ግን 480 ነው።

የመንገድ ጥያቄም ይህንኑ ጠባይ ይዟል። መኪና 120 ኪሎ ሜትር በሰዓት 60 እየሄደ ደርሶ፣ ሲመለስ በሰዓት 40 ቢሄድ አማካይ ፍጥነቱ 50 አይደለም። ሲሄድ 2 ሰዓት፣ ሲመለስ 3 ሰዓት ፈጅቶበታል፤ 240 ኪሎ ሜትር በ5 ሰዓት ማለት በሰዓት 48 ነው። በዝግታ የሄደበት ጊዜ ረዘም ስላለ አማካዩን ወደ ራሱ ጐትቶታል።

ከፍ ወዳለው ክፍል የደረሱ ልጆች የሚያመጡት የዕድሜ ጥያቄ ነው። «አባት 40 ዓመቱ፣ ልጁ 10 ዓመቱ ነው። ከስንት ዓመት በኋላ የአባት ዕድሜ የልጁ ሦስት እጥፍ ይሆናል?» በመምህሩ መንገድ ያልታወቀውን ዓመት ኤክስ እንለዋለን። 40 ሲደመር ኤክስ፣ የ10 ሲደመር ኤክስ ሦስት እጥፍ ነው፤ ወይም 30 ሲደመር ሦስት ኤክስ ነው። ከሁለቱም ወገን 30 እና አንድ ኤክስ ሲነሣ 10 ከሁለት ኤክስ ጋር እኩል ይሆናል፤ ኤክስ 5 ነው። ይህ መልካም መንገድ ነው። ነገር ግን ኤክስ የሚያስደነግጠው ልጅ ሌላ መግቢያ አለው። ሁለቱ በየዓመቱ አንድ አንድ ዓመት ስለሚጨምሩ የዕድሜያቸው ልዩነት ምን ጊዜም 30 ነው። አባት ሦስት እጥፍ በሚሆንበት ቀን ልጁ አንድ ክፍል፣ አባት ሦስት ክፍል ነው፤ ልዩነቱ ሁለት ክፍል ነው። ሁለት ክፍል 30 ከሆነ አንዱ 15 ነው። ልጁ ያን ጊዜ 15፣ አባት 45 ይሆናል፤ ከዛሬ 5 ዓመት በኋላ ማለት ነው። ልጁ የማይለወጠውን ነገር ከፈለገ፣ እርሱም ልዩነቱ ነው፣ ጥያቄው በራሱ ይከፈትለታል።

ሦስተኛም መንገድ አለ፤ እርሱ ደግሞ ከሁሉም የቈየ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1550 ዓመት ግድም በግብፅ አሕሜስ የሚባል ጸሐፊ ከእርሱ ከሚቀድም መጽሐፍ እየገለበጠ የሒሳብ ጥያቄዎችን በፓፒረስ ላይ ጻፈ። በሙያው የኛ ባልደረባ ነበር ማለት ይቻላል። ጽሑፉን ሄንሪ ራይንድ የተባለ የስኮትላንድ ሰው በአውሮፓ አቈጣጠር በ1858 በሉክሶር ገዛው፤ ዛሬም አብዛኛው ክፍል በለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛል። ከጥያቄዎቹ አንዱ እንዲህ ነው፤ አንድ መጠን ከሩቡ ጋር ሲደመር 15 ቢሆን መጠኑ ስንት ነው? የአሕሜስ መፍትሔ በግምት ይጀምራል። 4 ይሁን ይላል፤ ሩቡ በቀላሉ ይገኛልና። 4 ከሩቡ ጋር 5 ነው። የተፈለገው ግን 15 ነው፤ 15 የ5 ሦስት እጥፍ ነው። እንግዲህ ግምቱም ሦስት እጥፍ ይሁን፤ 12። ሲፈተን፣ 12 እና ሩቡ 3፣ 15 ይሆናል። ልጃችሁ «ግምት ነው» ብሎ ሲያፍር ይህን ንገሩት። ገምቶ የሚፈትንና ስሕተቱን ለክቶ የሚያርም ልጅ ሒሳብ እየሠራ ነው። ሥራ ፈት የሚባለው ገምቶ የሚተወው ነው።

አሁን ወደ ማታው ልመለስ። ከዚያ ቀን በኋላ በቤቴ አንድ ልማድ አወጣሁ። እርሳሱን እኔ አልይዝም። ይህ በተናገርሁት መጠን ቀላል አይደለም፤ እጄ ብዙ ጊዜ ወደ ደብተሩ ትሄዳለች፤ በተለይ ሰዓቱ ሲመሽና እንቅልፍ ሲመጣ። ልጅቱ ጥያቄውን ሁለት ጊዜ ታነባለች። የተሰጠውንና የተጠየቀውን በራሷ ቃል ትነግረኛለች። ከዚያ «ይበልጣል ወይስ ያንሳል?» እላታለሁ፤ መልሷን በጠርዙ ላይ ትጽፋለች። ማስላቱን ብትሳሳት ወዲያው አላርማትም፤ ከጠርዙ ጋር እንድታስተያየው እጠብቃለሁ። ዝም ብሎ መጠበቅ ከሁሉ ይከብዳል። አንድ ጥያቄ ግማሽ ሰዓት የፈጀብን ማታ አለ፤ አምስት ጥያቄ ታዝዞ ሁለቱን ብቻ ሠርታ የሄደችበትም ቀን አለ። ይህ ለመምህሯ ደስ እንደማይል አውቃለሁ፤ ለእርሷ ግን አምስት የእኔን መልሶች ከመገልበጥ ይሻላታል ብዬ ፈረድሁ።

ከጥቂት ጊዜ በፊት የአጥሩ ጥያቄ በክለሳ ተመልሶ መጣ። ያለ እኔ ሠርታ 15 ቀን ብላ ጨረሰች። ደብተሩን ከዘጋች በኋላ መልሳ ከፈተችውና «አባባ፤ ስድስቱ ሠራተኞች ሥራውን አብረው ቢጀምሩና በአራተኛው ቀን ማታ ሁለቱ ቢሄዱስ?» ብላ ጠየቀችኝ። መጽሐፉ ውስጥ የሌለ፣ ራሷ ያወጣችው ጥያቄ ነው። እኔም እንደ ልማዳችን «ይበልጣል ወይስ ያንሳል?» አልኋት። «ከ10 ይበልጣል፤ ከ15 ግን ያንሳል» አለችና በጠርዙ ላይ ጻፈችው። ከዚያ የ60ውን የሥራ ቀን ይዛ ማስላት ጀመረች።

ስንት ቀን እንዳገኘች አልነግራችሁም፤ ዛሬ ማታ ከልጆቻችሁ ጋር እንድትሠሩት ትቼላችኋለሁ። እርሳሱን ግን እነርሱ ይያዙ።

እንደምን እደሩ።